ሲምስ 4ን ከባዶ ኪስ መጀመር፦ ያለ ሳንቲም ቤት እስከ መሥራት

ሲምስ 4 ሰው ፈጥራችሁ ኑሮውን የምትመሩበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ የፈጠራችሁት ሰው ሲም ይባላል። አዲስ ሲም ስትፈጥሩ ጨዋታው 20,000 ሲሞሊዮን ያስጨብጣችኋል። ሲሞሊዮን የጨዋታው ገንዘብ ነው። በዚያ ትንሽ ቤት ይገዛል፣ ሥራ ይያዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ሲማችሁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቲቪ ያያል። እሱም ይሰለቻል፣ እናንተም ትሰለቻላችሁ። ከባዶ የመጀመር ቻሌንጅ መድኃኒቱ ነው። ሲሙ ባዶ መሬት ላይ ዜሮ ሲሞሊዮን ይዞ ይቆማል። አልጋ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ ሽንት ቤትም የለም።

ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ አውቶቡስ ተራ የወረደ ልጅ ከተማዋን እንዴት እንደሚለምዳት እናውቃለን። መጀመሪያ የሚፈልገው የሊስትሮ ሣጥን ነው፤ ቤት ኋላ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። ጨዋታው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ገልብጦ ስለሚጀምር ነው።

ጨዋታውን ማውረድ

የሲምስ 4 መሠረታዊ ጨዋታ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ (እ.ኤ.አ. 2022 መሆኑ ነው) በነጻ ነው። በኮምፒውተር ስቲም ወይም ኢኤ አፕ ከሚባሉት የጨዋታ ማውረጃዎች ይወርዳል። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይም አለ። ተጨማሪ ጥቅሎቹ ይሸጣሉ፣ ለዚህ ቻሌንጅ ግን አንዱም አያስፈልግም። ከታች የምነግራችሁ ሁሉ በነጻው ይሠራል።

4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይከፍተዋል፤ 8 ቢሆን ይሻላል። ዲስኩ ላይ ከ20 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ አዘጋጁ። ቀን በሞባይል ዳታ ልሞክረው ካላችሁ ካርዱ ጉድ ይሠራችኋል። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ተኙ፣ ወይም ካዛንቺስ ዋይፋይ ያስገባ ዘመድ ካላችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ቡና ጠጡ በሉ።

አማርኛ የለውም። ምናሌው እንግሊዝኛ ነው፣ ሰዎቹ የሚያወሩት ደግሞ ሲምሊሽ የሚባል የትም አገር የሌለ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ወሬው ለሁላችንም እኩል ነው። የፒያሳና የአራት ኪሎ ጌም ቤቶች ላይ ግን ባትሞክሩት ይሻላል። እዚያ ንጉሡ ፊፋ ነው፣ ሒሳቡም በሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ ተቀምጠው የሚያዘግሙት ጨዋታ ነው። ቤት ስትጫወቱም ሲሙ ከእንቅልፉ በተነሣ ቁጥር ሴቭ አድርጉ። መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም።

ሰውየውና መሬቱ

አንድ ጎልማሳ ሲም ብቻ ፍጠሩ። ሦስት ጠባይ ትመርጡለታላችሁ። አንዱ ከቤት ውጭ መዋልን የሚወድ ይሁን፣ ምክንያቱም ውጭ ነው የሚያድረው። ሁለተኛው የፈጠራ ሰው ይሁን፤ በኋላ ሥዕል ያበላዋል። ሦስተኛውን እንደ ሙዳችሁ። ክሌፕቶማኒያክ የሚባል እጁ የማያርፍ ሌባ ጠባይም አለ። ያዋጣል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ቻሌንጁን የሰው ቤት የመዝረፍ ጨዋታ ያደርገዋል። ለሕይወት ግቡ ከተፈጥሮ ዘርፍ አንዱን ምረጡ፦ ዕፅዋት፣ ዓሣ ማጥመድ ወይም መሰብሰብ።

መሬቱን ከጨዋታው ሰፈሮች ከዊሎው ክሪክ፣ ከኦኤሲስ ስፕሪንግስ ወይም ከኒውክሬስት መምረጥ ትችላላችሁ። ኒውክሬስት 15 ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ጭር ይላል። ለጀማሪ ዊሎው ክሪክን እመክራለሁ። ወንዝ አለው፣ መናፈሻው፣ ቤተ መጻሕፍቱና ጂሙ እዚያው ናቸው። ትንሹን ባዶ ቦታ ግዙ።

አሁን የቀረውን ገንዘብ ማጥፋት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ተጫኑ። ከላይ በኩል መጻፊያ ሳጥን ይመጣል። «መኒ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ 0 ጨምሩና ኢንተር በሉ። ኪሱ ባዶ ሆነ። ኮንሶል ላይ ከጆይስቲኩ ትከሻ ያሉትን አራቱን ቁልፎች አንድ ላይ በመያዝ ያው ሳጥን ይከፈታል፤ ነገር ግን ቺት (እንዲህ ያለ የአቋራጭ ትእዛዝ) የገባበት ሴቭ ላይ ትሮፊ የሚባለው የጨዋታ ሽልማት አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ ሳጥኑን እርሱት። 1,000 የሚያወርደው ሮዝበድ የሚባል ቺትም፣ 50,000 የሚያወርደው መዘርሎድም ክልክል ናቸው። ሀብታም ማግባትም እንዲሁ። ኦኤሲስ ስፕሪንግስ ላይ ላንድግራብ የሚባሉ ባለጸጎች አሉ፣ ያጓጓሉ። እለፏቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በመደበኛ ፍጥነት የጨዋታው አንድ ደቂቃ የእኛ አንድ ሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ቀን 24 ደቂቃ ይፈጃል። ከሥራ መልስ ሁለት ሦስት ቀን ማስኬድ ቀላል ነው።

ሲሙ በመጀመሪያው ጠዋት ምንም አይግዛ። ይዙር። መሬት ላይ የተቀመጡ ቋጥኞች ታያላችሁ፤ ሲቆፈሩ ክሪስታልና ብረት ይወጣባቸዋል። ውኃ ዳር እንቁራሪት ይያዛል። ዓሣ የሚጠመድበትን ቦታ ምልክቱ ያሳያችኋል። በየመንገዱ ዳር የዱር ተክል ፍሬ ይለቀማል። ያገኘው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይገባል። እዚያው ኪሱን ከፍታችሁ መሸጥ ትችላላችሁ፣ ደላላ የለ፣ ገበያ መውጣት የለ።

ግን ሁሉንም አትሽጡ። ከእያንዳንዱ የተክል ዓይነት አንድ አንድ ፍሬ አስቀሩና መሬታችሁ ላይ ትከሉ። ውኃ ማጠጣትና አረም መንቀል በባዶ እጅ ይቻላል። ተክሉ በእንክብካቤ ጥራቱ ይጨምራል፣ ጥራቱ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። የአትክልት ችሎታው ከፍ ሲል ማዳቀል ይጀምራል፦ ስናፕድራገን የሚባለውን አበባ ከሊሊ አበባ ጋር ስታዳቅሉ ኦርኪድ የሚባል ውድ አበባ ይሰጣችኋል፤ ፖምን ከቼሪ ጋር ስታዳቅሉ ሮማን። የኦርኪድ መደብ ያለው ሲም ከእጅ ወደ አፍ መኖሩን ይረሳል።

አንድ ምስጢር ልጨምርላችሁ። ዊሎው ክሪክ ውስጥ ክሪክ ካባና ከሚባለው ቤት አጠገብ ለየት ያለ ትልቅ ዛፍ አለ። ተመልከቱት፣ ውኃ አጠጡት፣ አናግሩት። ከዚያ ወደ ውስጥ መግቢያ ይከፍትላችኋል። የሚያደርሳችሁ ቦታ በተክልና በዓሣ የተሞላ ነው። ዛፍን ማናገር ያስቃል፤ ገቢውን ስታዩ ግን በየቀኑ ደጅ ትጠናላችሁ።

ሆድ፣ እንቅልፍና ሽንት

ሲም ስድስት ፍላጎት አለው፦ ረሃብ፣ ሽንት፣ ንጽሕና፣ እንቅልፍ፣ መዝናናትና ሰው ማግኘት። ቤት ሳይኖር ሁሉንም መሙላት ይቻላል፣ ምክንያቱም ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ አያስከፍልም። የሚኒባስ ሒሳብ የለም! ጂም ሄዶ ሻወር ይወስዳል። ቤተ መጻሕፍት ሽንት ቤት ይጠቀማል። መናፈሻ ወንበር ላይ ሸለብ ያደርገዋል። የለቀመውን ፖም ከኪሱ አውጥቶ ይበላል። መዝናናትና ወሬ ከመንገደኛ ጋር በመጨዋወት ይሞላሉ።

ጎረቤትም አይናቅ። በር አንኳኩቶ ሲያስገቡት ሽንት ቤታቸውን መጠቀም ይችላል። ገና በትውውቅ አልጋቸው ላይ ልተኛ ካለ ግን ይቆጣሉ። መጀመሪያ ወዳጅነቱ ይጠንክር።

ሲሙ ምኞቶቹን ሲያሳካ የእርካታ ነጥብ ይሰበስባል። በዚያ ነጥብ ሙድሌት ሶልቨር የሚባል መጠጥ ይገዛል፤ አንዴ ሲጠጣው ፍላጎቶቹ ሁሉ ይሞላሉ። ቤት ለሌለው ሰው ይህ ወርቅ ነው። ለክፉ ቀን ኪሱ ውስጥ አንድ ይኑር።

ምን ይገዛ?

ጥቂት መቶ ሲሞሊዮን ሲጠራቀም ፈተናው ይጀምራል። እጃችሁ ወደ ግድግዳና ጣሪያ ይሄዳል። ያዙት። ግድግዳ አያበላም። ጨዋታው ቢልን የሚያሰላው በንብረታችሁ ዋጋ ነው፤ ያልተሠራ ግድግዳ ቢል የለውም። ካልተከፈለ መብራትና ውኃ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ቢሉ ሲመጣ ወዲያው ክፈሉ።

መጀመሪያ ሸራ ተደግፎ የሚሣልበትን የሥዕል ማቆሚያ ግዙ፣ ሜዳው ላይ አቁሙት። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች የሚያወጡት ከቀለሙ ብዙም አይበልጥም። አትዘኑ፣ ችሎታው ሲያድግ ዋጋው ይነሣል። ሲሙ በተመስጦ ስሜት ሲሥል ደግሞ ሥራው የተሻለ ይወጣለታል። ስሜቱን ለማምጣት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ኮምፒውተር ላይ የሥዕል ሥራዎችን ይመልከት። ያው ኮምፒውተር ላይ መጽሐፍም መጻፍ ይችላል፤ ከታተመ በኋላ ሮያሊቲ (የደራሲ ድርሻ) በየቀኑ ይገባለታል። ወንበሩም መብራቱም የመንግሥት ነው፣ እናንተ ሽልንግ አታወጡም።

ቀጥሎ ርካሹ አልጋ። ወንበር ላይ ሸለብ ማለት ለጥቂት ቀን ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ግን ሲሙ ቆሞ ይተኛል። ከአልጋ በኋላ ፍሪጅ። ሽንት ቤትና ሻወር ይቆዩ፣ ጂሙ የትም አይሄድም። ግድግዳ የመጨረሻው ነው። ሲዝንስ የሚባለውን ጥቅል የገዛችሁ ከሆነ ብቻ ጣሪያውን አስቀድሙ፤ እዚያ ዝናብና ብርድ አለ።

ስትሠሩ በአንድ ክፍል ጀምሩ። እኔ የምወደው ያገራችንን ሰርቪስ ቤት የመሰለ ነው፦ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ደጁ ላይ የአትክልት መደብ። ሁለተኛውን ክፍል የምቀጥለው የመጀመሪያውን ዕቃ አሟልቼ ከሳምንቱ ቢል የተረፈ ሲኖር ነው።

ተቀጥሮ መሥራት ይፈቀዳል ወይ ለሚለው፣ ሕጉ የእናንተ ነው። እኔ ቢያንስ የመጀመሪያው ክፍል እስኪቆም አልፈቅድም። ደመወዝ ከገባ ዛፉም ዓሣውም ይረሳሉ፣ ጨዋታው ተመልሶ ሶፋና ቲቪ ይሆናል።

መድረሻችሁንም አስቀድማችሁ ወስኑ። ለአንዱ ባለሁለት ክፍል ቤት ይበቃዋል፣ ሌላው ሚሊዮን ካልሞላ አይለቅም። ከቀለላችሁ በሴቲንግ ውስጥ ዕድሜውን አጭር አድርጉት፣ ወይም ዋናው ሲም ልጅ ወልዶ ልጁ ሲያድግ እንደ አባቱ ባዶ መሬት ላይ ይውጣ። ያኔ አባትየው ለልጁ ሲሞሊዮን እንዳይልክ ሕግ አውጡ፤ የጓሮውን ኦርኪድ ዘር ግን ይስጠው።