ትምባሆ በአፍ ለሚይዝ ሰው፦ የአፍ ካንሰርን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ሱረት የምትይዙ፣ የትምባሆ ቅጠል የምታኝኩ፣ ወይ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ አባት፣ አጎት፣ አያት ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። "ጭስ የለውም፣ ምን ያደርጋል?" የሚባለውን እርሱት። ጭሱ የለም፣ እውነት ነው። ትምባሆው ግን አለ፤ ያውም ድድና ጉንጭ መሃል ተወትፎ፣ ምራቅ ውስጥ እየሟሟ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ዓይነቱን ትምባሆ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጎራ ነው የመደበው። ቢያንስ 28 ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ተገኝተውበታል። ጣጣው አፍ ላይም አያበቃም፣ የምግብ ቧንቧና ቆሽትም አሉበት።

ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትምባሆው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ከታችኛው ከንፈር ሥር የሚይዝ ሰው እዚያው፣ ጉንጩ ውስጥ የሚይዝም እዚያው። ክፉ ዜና ነው፣ ግን ልንጠቀምበት እንችላለን። ሳንባን በመስታወት ማየት አይቻልም፣ አፍን ይቻላል።

1. መጀመሪያ የምትይዙትን ነገር እወቁት

ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ ጋ ሱረት አለ። ከሱዳን ድንበር አካባቢ የሠራ ሰው ቱምባክን ያውቃል፤ ኃይለኛ የትምባሆ ዝርያ ተብላልቶ ከአትሩን (ሶዳ መሰል ጨው) ጋር ተለውሶ በትንሽ እንክብል የሚያዝ ነው። ካንሰር አምጪ ናይትሮሳሚኖች እጅግ በርክተው ከተገኙባቸው የትምባሆ ዓይነቶች አንዱ እሱ ነው። የመንና የሳዑዲው ጂዛን አካባቢ ደግሞ ሸማህ አለ። ገልፍ የምትሠሩ ሰዎች ከሕንድና ከፓኪስታን ባልደረቦቻችሁ ጉትካ ወይም ፓን "እስኪ ቅመሱ" ተብላችሁ ይሆናል። እሱ ውስጥ የአሬካ ፍሬ የሚባል ነገር አለ፤ ፍሬው ትምባሆ ባይጨመርበትም ራሱን ችሎ ካንሰር ያመጣል፣ ውሎ አድሮም አፍን አድርቆ አልከፈትም ያሰኛል። ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ ስኑስን ታውቁታላችሁ። የካንሰር አምጪ ኬሚካሎቹ መጠን ከነቱምባክ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሱሱማ ያው ነው።

አመድ፣ ኖራ ወይም አትሩን ለምን እንደሚጨመርበት ታውቃላችሁ? ኒኮቲኑ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። "ይሄኛው ይመታል" የሚባለው ለዚህ ነው። የሚመታው ደግሞ ለመተው ይከብዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትምባሆ ለጥርስ ሕመም መያዝ። ያደነዝዛል፣ ጥርሱን ግን አያክምም። ጥርስ ካመመ የጥርስ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

2. አቁሙት፣ ግን በዘዴ

ዋናው መከላከያ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው። ወደ ሲጋራ መዞር ደግሞ ማቆም አይደለም።

በሚቀጥሉት 2 ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ቁረጡ። እስከዚያ ድረስ ለጥቂት ቀናት መቼ መቼ እንደምትይዙ ልብ በሉ። አንዱ ከምግብ በኋላ ነው፣ ሌላው መኪና ሲነዳ፣ ሌላው ሌሊት ጥበቃ ላይ ሲሆን እንቅልፍ ለማባረር፣ ብዙው ደግሞ ጫት ላይ ነው። እነዚህን ሰዓቶች ካወቃችኋቸው ለእያንዳንዱ ምትክ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ጫት ላይ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከዚያ ቤት ራቁ። ጓደኛ ሁሉ ይዞ እያለ እኔ ብቻ እተዋለሁ ማለት ራስን መፈተን ነው።

አፍ ሥራ ይፈልጋል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ያዙ። ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ የቀረፋ እንጨት፣ ዝንጅብልም ይሆናል፣ አፋችሁ ላይ ቁስል ከሌለ። ሐራራው ሲመጣ ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል፣ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ይበርዳል። ውሃ ጠጡ፣ ተነሱ፣ ለሰው ደውሉ። በጣም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ መነጫነጭ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖራል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የቤት ሰው ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፣ አለዚያ "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚቆጣው?" ይባላል።

ለብዙ ዓመት የያዘ ሰው በወኔ ብቻ ላይችል ይችላል፣ ነውርም የለውም። የኒኮቲን ማስቲካ፣ ከረሜላና ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ) አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኒኮቲን ምትክን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ሁሉም ፋርማሲ ላይ አይገኝም፣ ሐኪም ጠይቁ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ደግሞ ያለ ሐኪም አትጀምሩ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይደለም፦ ትንሽ ታኝኩና አፍ ሲለበልብ ጉንጭ ውስጥ ታሳርፉታላችሁ፣ ልብላቤው ሲጠፋ ደግሞ ታኝካላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ትምባሆ ለማቆም የሚረዳው የምክር መስመር ላይ፣ 1-800-784-8669 ደውሉ፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ሱረት ካለ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፣ ሕፃን ቢውጠው መርዝ ነው። ልጅ ልካችሁም አታስገዙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው።

አልኮልስ? ትምባሆና አልኮል ሲገናኙ አደጋው አንዱ ብቻውን ከሚያመጣው እጅግ ይበልጣል። አረቄም ሆነ ቢራ ያው ነው።

3. በወር አንዴ አፋችሁን ተመልከቱ

ያቆማችሁም ጭምር። ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ መስታወት፣ የታጠበ እጅ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ አውጡት። ከንፈርን ገልብጡና ከውስጥ እዩ፣ ድዱንም። ጉንጭን በጣት ወደ ውጭ ሳቡ። ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ያዙና ጎንና ጎኑን እዩ፣ ከዚያ ምላሳችሁን ወደ ላይ አንሡና ሥሩን። ላንቃውን በስልክ መብራት እዩ። በመጨረሻ አንገታችሁንና ከአገጭ ሥር ዳስሱ፣ እብጠት ካለ። ትምባሆ የምታስቀምጡበትን ቦታ ደግሞ ሁለቴ እዩት።

የምትፈልጉት ይሄን ነው፦ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ ቀይ ምልክት (ከነጩ ይበልጥ የሚያሰጋው እሱ ነው)፣ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ጠጠር ያለ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር ወይም ምላስ፣ መዋጥ መቸገር። ሕመም አትጠብቁ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ብዙ ሰው የሚዘገየውም በዚሁ ነው።

ነጭ ምልክት ሁሉ ካንሰር አይደለም። በአሜሪካ አየር ኃይል ምልምሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሥልጠና ላይ ትምባሆ ስለተከለከሉ ብቻ፣ በ6 ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ላይ ምልክቱ ጠፍቷል። እነሱ ግን ወጣቶች ነበሩ። እናንተ ላይ አልጠፋም ካለ የሚያየው ሐኪም ነው።

በመስታወት ማየት ባለሙያን አይተካም። ሕንድ ውስጥ ኬረላ ላይ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች የሰውን አፍ በዓይናቸው ብቻ እያዩ መረመሩ፤ ትምባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው ሰው 34 በመቶ ቀነሰ። መብራትና የሚያይ ዓይን ነው የፈለገው። ስለዚህ ለማንኛውም ሕክምና የጥርስ ክሊኒክ ስትገቡ "ትምባሆ እይዛለሁ፣ አፌን በደንብ እዩልኝ" በሉ።

4. የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ

አታቃጥሉት፣ አትቧጥጡት፣ ቅጠል አትድፉበት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየገዙ ወር መቆየትም ጊዜ ማባከን ነው። ጤና ጣቢያ ወይም የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። እዚያ ባዮፕሲ ይሠራል፦ ቦታው ይደነዝዛል፣ ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪ ይመረመራል። "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ውሸት ነው።

አንርሳ፣ ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፣ ወረፋውም ረጅም ነው። በጊዜ የተያዘ ትንሽ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ምን እንደምትይዙ፣ ስንት ዓመት እንደያዛችሁና በየትኛው በኩል እንደምታስቀምጡት ንገሩት። ውጤቱ ካንሰር ባይሆንም ለውጥ የጀመረ ቦታ ተገኝቶ ከሆነ የቀጠሮ ካርድ ይሰጣችኋል። ቁስሉ የዳነ ቢመስልም በቀጠሮው ቀን ሂዱ።