ወፍ አራብተን እንልቀቅ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ራሰ በራው አይቢስ ጥቁር ወፍ ነው። ምንቃሩ ረጅም፣ ቀይና ቆልመም ያለ። አናቱ መላጣ፣ ማጅራቱ ላይ ግን የተንጨባረረ ጎፈሬ አለው። ቆንጆ አይባልም። ግን ሊጠፋ የደረሰ ወፍን በሽቦ ቤት አራብቶ ስለማዳን ከሱ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አንደኛው ስህተት ቆጥሮ "ተረፈ" ማለት ነው። ቱርክ ውስጥ በኤፍራጥስ ዳር ቢሬጂክ የምትባል ከተማ አለች። በ1950ዎቹ የተረጨው ፀረ ተባይ በከተማዋ ገደል ላይ የሚኖሩትን አይቢሶች ፈጃቸው። በ1977 ማራባት ተጀመረ፣ በ1989 ዱር ውስጥ የሚኖሩት አለቁ። ዛሬ እዚያ ከ200 በላይ ወፎች አሉ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን የስደታቸው ወቅት ሲደርስ እንዳይሄዱ ይቆለፍባቸዋል፣ ምክንያቱም ከሄዱ አይመለሱም።

ለምን? ወደ ሁለተኛው ስህተት መጣን፣ ዋናው እሱ ነው። ይሄ ወፍ የሚሰደድበትን መንገድ ከእንቁላል ይዞ አይወጣም፣ ትልልቆቹን ተከትሎ ነው የሚማረው። አስተማሪ ከሌለ ክንፍ ብቻውን ምን ያደርጋል? ኦስትሪያ ውስጥ በነፃ እንዲበሩ የተለቀቁት መጀመሪያ ላይ መጸው ሲመጣ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። ከዚያ ዮሐነስ ፍሪትዝ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እብደት የሚመስል ነገር አደረጉ፦ ጫጩቶቹን ሰዎች እንደ እናት ሆነው አሳደጓቸው፣ ሞተር በተገጠመላት ትንሽ በራሪ ተቀምጠው እየጠሯቸው አልፕስን አሻግረው እስከ ጣሊያን ቶስካና መሯቸው። በ2011 ጎያ የምትባል ወፍ ማንም ሳይመራት ወደ ጀርመን ባቫሪያ ተመለሰች።

ሦስተኛው፣ ጫጩትን ላየው ሁሉ ማስነካት። የካሊፎርኒያ ኮንዶር (ትልቅ የአሜሪካ ጥንብ አንሳ) አሳዳጊዎች ሰው እንዳይለምድ ብለው የወፍ ጭንቅላት የሚመስል አሻንጉሊት እጃቸው ላይ አጥልቀው ይመግቡታል። አይቢሶቹን ግን የሚያሳድጓቸው የተወሰኑ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሌላው ሰው አይጠጋም።

አራተኛው፣ የገደለው ነገር ሳይነሳ መልቀቅ። ጎያን አስታወሳችኋት? በ2012 ጣሊያን ውስጥ አዳኝ ተኩሶ ገደላት። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ጥይት። የኤሌክትሪክ ምሰሶም ብዙዎቹን ፈጅቷል።

እና ሁሉንም ነገር በሽቦ ቤት እንፍታው ማለትም አይሠራም። ሞሮኮ ውስጥ ዱር የሚኖሩት አይቢሶች የተረፉት የየአካባቢው ሰዎች ጎጆዎቹን ስለጠበቁላቸው ነው። ዝርያው በ2018 ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታት በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ ከአስጊው ደረጃ አንድ እርከን ወደ ተሻለው ተዛወረ።

የመጨረሻው መዘግየት ነው። ይሄኛው እኛንም ይነካል። በ2002 ሶሪያ፣ ፓልሚራ አጠገብ፣ ጠፍተዋል ከተባሉት ሰባት ተገኙ። በ2006 ሦስቱ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ሲታሰር የት ደረሱ መሰላችሁ? እኛ ደጋ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ። ስንት ዓመት የስደት ወራታቸውን እኛ ዘንድ ሲያሳልፉ ልብ ያላቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2010 ከቢሬጂክ የመጡ ጫጩቶች ከነሱ ጋር እንዲሄዱ ፓልሚራ ላይ ተለቀቁ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ግን ያኔ መሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። መጨረሻ ላይ ወደ ፓልሚራ የምትመለስ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች፣ ስሟ ዘኖቢያ።