ከስታዲየም እስከ ቦዬ፦ ለእንቅስቃሴ ፎቶ የመጀመሪያ ካሜራ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ለሠርግና ለምርቃት የሚሆን ካሜራ መምረጥ ብዙም አያስቸግርም፤ ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ኳስ ተጫዋች፣ ፈረስ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ከቦዬ ረግረግ የሚነሳ ወፍ ግን አይጠብቅም። ለዚህ ሥራ ብር የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሥራ የተሠራ ጥሩ ካሜራ ሲገዛ ነው።

ሜጋፒክስል ቆጥሮ መግዛት

ሻጩ ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር ሜጋፒክስል ነው። ለእንቅስቃሴ ፎቶ 20 ይበቃል። ለስፖርትና ለዱር እንስሳት የተሠሩት ካነን 7ዲ ማርክ 2 (2014 እ.ኤ.አ.) እና ኒከን ዲ500 (2016 እ.ኤ.አ.) ሁለቱም እዚያው አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ሁለቱም በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳሉ። ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጠው ካነን 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ይዞ በሰከንድ 3 ብቻ ያነሳል፣ የፎከስ ነጥቦቹም 9 ናቸው። ኳስ ሲመታ እግርና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 3 በሚያነሳ ካሜራ ከአንዱ ፎቶ እስከ ቀጣዩ ያለው ክፍተት የሰከንድ ሲሶ ስለሆነ፣ ያቺን ቅጽበት ማግኘት ከሞላ ጎደል የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

«ፉል ፍሬም ካልሆነ አልገዛም» ማለት

ካነን 6ዲ ፉል ፍሬም ነው (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ እንደ ድሮው 35 ሚሜ ፊልም ሰፊ ነው)፤ በደብዛዛ ብርሃን ለቆመ ሰው ግሩም ነው። ነገር ግን በሰከንድ የሚያነሳው 4.5 ነው፣ ከ11 የፎከስ ነጥቦቹም በቁመትና በአግድም አጣርቶ የሚያየው የመሐሉ አንዱ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ከመሐል ወደ ዳር ሲወጣ ፎከሱ ከኋላ ካለው ተመልካች ላይ ይቀራል። ርቀትም አለ። ቦዬ ላይ ወፎቹ ያሉት ጭቃው መሐል ነው፣ ተከትሎ መግባት አይቻልም። የካነን አነስተኛ ሴንሰር የሌንሱን እይታ በ1.6 ያጠብበዋል፤ 300 ሚሜ ሌንስ እንደ 480 ሚሜ ያቀርባል ማለት ነው። ያንን ርቀት በፉል ፍሬም ለማግኘት የሚጠየቀው ሌንስ ከካሜራው ይበልጥ ሊወደድ ይችላል።

ብሩን ሁሉ ቦዲው ላይ መጨረስ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቦዲው (ሌንስ ያልተገጠመለት ካሜራው ራሱ) በጣም ጥሩ ሆኖ አብሮት የመጣው እምብዛም የማያቀርብ 18-55 ሚሜ ሌንስ ብቻ ከሆነ፣ ከሜዳው ዳር የሚነሳው ተጫዋች ከሣሩ መሐል ነጥብ አክሎ ይታያል።

ብርሃኑን እናስላ። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ ሰማይ ከባድ ነው። ጨዋታው 10 ሰዓት ጀምሮ 12 ሰዓት ሲቃረብ፣ በኤፍ 2.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል) 1/1000 ሰከንድ ለማግኘት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 አካባቢ ያስፈልጋል። ሌንሱ እስከ መጨረሻው አቅርቦ ሲያነሳ ከኤፍ 5.6 በላይ የማይከፈት ከሆነ የሚገባው ብርሃን ሩብ ነው። ያኔ ወይ አይኤስኦውን 6400 ማድረስ ነው፣ ወይ ፍጥነቱን ወደ 1/250 ማውረድ። በ1/250 የተጫዋቹ ፊት ሊተርፍ ይችላል፤ እግሩና ኳሱ ግን ይደበዝዛሉ። «ሌንሱ መንቀጥቀጥ ይከላከላል» የሚለው ማባበያ እዚህ አይሠራም፤ የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ እንጂ የሯጩን እግር አይደለም።

ስለዚህ ከበጀቱ ቢያንስ ግማሹ ለሌንስ ይመደብ። ያገለገለ 70-200 ኤፍ 2.8 ለስታዲየም የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ አቅም ካነሰ ኤፍ 4 የሆነው ቀላልና ፈጣን ነው። በጣም ከጠበበ ደግሞ ካነን 55-250 ኤስቲኤም ይሻላል። ከእሱ ጎን በርካሽ የሚቀርበውን አሮጌውን 75-300 ይለፉት፤ የፎከስ ሞተሩ ዘገምተኛ ስለሆነ ወደ እርስዎ የሚሮጠውን ሰው አይደርስበትም።

የኒከን ገዢዎች ሁለት ወጥመድ አለባቸው። የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፤ ኤኤፍ-ዲ የተጻፈበት አሮጌ ሌንስ ሲገጠምባቸው በራሱ ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ፒ የተባለው አዲስ ሌንስ ደግሞ እንደ ዲ90 እና ዲ7000 ባሉ ቀደምት ቦዲዎች ላይ በእጅም ቢሆን ፎከስ አይደረግበትም። ሌንስና ቦዲ ከተለያየ ሰው የሚገዛ ከሆነ አንድ ላይ ተገጥመው ሳይታዩ ብር አይክፈሉ።

ካርዱን መርሳት

በሰከንድ 10 የሚለው ቁጥር እውነት የሚሆነው የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ እስኪሞላ ነው። አንድ ሮው (ያልተጨመቀና ያልተስተካከለ) ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢሆን በሰከንድ 250 ሜጋባይት ይመጣል። ማከማቻው 30 ፎቶ ከያዘ በሦስት ሰከንድ ገደማ ይሞላል፤ ካርዱ በሰከንድ 25 ሜጋባይት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ተራግፎ እስኪያልቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ጎሉ የሚገባው በዚያ ግማሽ ደቂቃ ነው። ቪ30 ምልክት ያለው ካርድ ይግዙ፤ ዝቅተኛው የመጻፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ነው። ለኳስ ጨዋታ ፋይሉ ትንሽ በሚሆንበት በጄፔግ ማንሳትም ነውር የለውም።

ሐሰተኛ ካርድ ገበያው ውስጥ አለ፦ ላዩ 256 ጊጋባይት፣ ውስጡ 16። ከመጠቀም በፊት በኮምፒውተር እስከ አፉ በፋይል ሞልተው መጨረሻ የገቡትን መልሶ መክፈት ነው፤ የማይከፈቱ ከሆነ ካርዱን ይመልሱ።

ሚረርለስን በትልቁ ቁጥሩ ማመን

ሚረርለስ ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ካነን አር7 በሜካኒካል ሻተር (በሚንቀሳቀስ መጋረጃ) በሰከንድ 15፣ በኤሌክትሮኒክ 30 ያነሳል። ሻጭ የሚጠራው 30ውን ነው። በኤሌክትሮኒክ ሻተር ግን ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚያነብ የወፍ ክንፍ ይጣመማል፣ ካሜራው ሯጭ ተከትሎ ሲዞር የጎሉ ቋሚ ጋደል ብሎ ይወጣል። ለመምረጥ የሚረዳዎት 15 የሚለው ነው።

የጅማን እርጥበት አለማስላት

ደጋግሞ የሚዘነጋ ነገር ነው። ጅማ ላይ ሌንስን የሚገድለው ከመውደቅ ይልቅ ሻጋታ ነው። ሻጋታ በጨለማና በእርጥበት ያድጋል፤ የቆዳው ቦርሳ ደግሞ ሁለቱንም ያሟላል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃና ቀለም የሚቀይር ሲሊካ ጄል ይግዙ። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው ትንሽ ከረጢት አስቀድሞ እርጥበት የጠጣ ስለሆነ አይታመንም።

ዝናብ የሚቋቋም ተብሎ የተገዛ ቦዲም ሌንሱ መግጠሚያው ላይ የጎማ ቀለበት ከሌለው ውኃ በዚያው ይገባል። በበጋ ደግሞ ባጃጅ ያስነሳው ቀይ አቧራ ባለበት ሌንስ አይቀየርም።

ያገለገለ ካሜራን ጠረጴዛ ላይ ብቻ መሞከር

ሱቅ ውስጥ ግድግዳ የማያነሳ ካሜራ የለም። ወደ መንገድ ይውጡ። ፎከሱን ተከታታይ ላይ ያድርጉ (ካነን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ ይባላል)፣ ፍጥነቱን 1/1000፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ወደ እርስዎ የሚመጣ ባጃጅ ላይ ቁልፉን ተጭነው 20 ወይም 30 ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አንድ በአንድ አጉልተው ታርጋውን ያንብቡ። ከግማሽ በላይ ካልተነበበ ወይ ሌንሱ ይዘገያል ወይ ፎከሱ ተዛብቷል።

በመቀጠል ሌንሱን አውልቀው የስልክ መብራት በአንዱ ጫፍ እያበሩ በሌላው ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ዋጋው ቢቀነስም አይውሰዱ። በኤፍ 16 ሰማይ አንስተው ጥቁር ነጥብ ይፈልጉ፤ ያ የሴንሰር አቧራ ስለሆነ ይጸዳል፣ ለመከራከሪያ ግን ይጠቅማል። ሻተሩ እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳም ይጠይቁ፦ 7ዲ ማርክ 2 እና ዲ500 ለ200,000 ፎቶ፣ ካነን 80ዲ ለ100,000 ያህል ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ለባትሪ ብር አለማስቀረት

ሚረርለስ ባትሪ ይበላል። ሶኒ ኤ6400 በአንድ ሙሌት 400 ፎቶ አካባቢ ተብሎ ሲለካ፣ መስታወት ያለው ካነን 80ዲ 960 ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያደረ የመሰለው ባትሪ ጠዋት ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሚረርለስ ከገዙ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ከፓወር ባንክ የሚሠራ ቻርጀርም አብረው ይያዙ።