የውሻን ዲስተምፐር በደም ምርመራ ለማወቅ፦ ሁለተኛዋን ናሙና እንዳትረሱ

ቡችላችሁ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረበረባል፣ ያስላል፣ ምግብ እምቢ ብሏል። ሐኪሙ ዲስተምፐር የሚባለውን በቫይረስ የሚመጣ ከባድ የውሻ በሽታ ጠርጥሮ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አዘዘ እንበል። ምርመራው ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። ሰውነት ለመከላከል የሠራውን ነው የሚያየው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የክትባት ካርዱን ያዙ። እኔ ቤት ጥዬው ሄድኩ። የሦስት ወር ቡችላዬ ውጤት «ፖዘቲቭ» ሲል ሌሊቱን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አደርኩ። በማግስቱ ሐኪሙ «መቼ ነው የተከተበው?» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት! ክትባትም ውጤቱን ፖዘቲቭ ያደርጋል። በዚያ ዕድሜ ከእናቱ እንገር ያገኘውም ገና ላያልቅ ይችላል።

ደሙን ሐኪም ይቅዳ። ቱቦው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር የሌለበት፣ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ቀይ የሆነው ነው። ሳይነቀነቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይርጋና ሴረሙ፣ ማለትም ከረጋው ደም የሚቀረው ፈሳሽ፣ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊውጅ) ይለያል። መልኩ እንደ ብርዝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ከቀላ ቀይ ሴሎቹ ፈርሰዋል፤ እንደገና ማስቀዳት ይሻላል። ያልተለየ ደም ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ።

አሁን ዋናው። ላቦራቶሪው ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ይለካል፦ አይጂኤምና አይጂጂ። አይጂኤም ቀድሞ ስለሚመጣ የቅርብ ጊዜ ነገር መኖሩን ይጠቁማል። አይጂጂ ግን ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ አንዴ መለካቱ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ስለዚህ አንዱን ናሙና ውሻው እንደታመመ፣ ሌላውን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያስቀዱ። ሴረሙ እየቀጠነ ይለካል፤ 1:40 ማለት 40 እጥፍ ቀጥኖም ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው። 1:40 የነበረው 1:160 ከደረሰ፣ ማለትም አራት እጥፍ ካደገና በመሃል ካልተከተበ፣ በሽታው ይዞታል። 1:80 ቢሆን አትደናገጡ፤ የአንድ እርከን ልዩነት በአለካክም ይመጣል። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሴረም ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ ሁለቱ አንድ ላይ፣ በአንድ ቀን መለካት ያለባቸው። ሁለት ላቦራቶሪ ማመላለስ ገንዘብ መጣል ነው።

«ኔጋቲቭ» ሲባልም ቶሎ አትፈንድቁ። ገና ጊዜው ላይደርስ ይችላል። ዲስተምፐር የመከላከያ ሴሎችን ስለሚያጠቃ፣ ክፉኛ የታመመ ውሻ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ሊያቅተው ይችላል። ያኔ ከዓይኑ በጥጥ ናሙና ተወስዶ ፒሲአር (የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ራሱን የሚፈልግ ምርመራ) ይሠራለት በሉ። ሕክምናው ግን ሁለተኛዋን ናሙና አይጠብቅም፤ ከዛሬ ይጀመር።