ፎቶው ለምን ብዥ አለ? ችግሩና መፍትሄው

ደሴ ውስጥ ሰርግ ወይም ምርቃት ባለፈ ማግስት ይህ ወሬ አይጠፋም። «ካሜራው አዲስ ነው፤ ፎቶው ግን ብዥ ብሏል። ሌንሱን ልቀይረው መሰለኝ።» እባካችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ምንም አልሆነም። ብዥታው የመጣው ከአንድ ሴቲንግ ወይም ከአያያዝ ነው፤ ያ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሳይወጣበት ይስተካከላል።

አስቸጋሪው ነገር ብዥታ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው ሌላ፣ የሚነሳው ሰው ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ሌላ፣ ፎከስ ሲስት የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። ትራይፖድ የሚጨፍረውን ሙሽራ አያቆመውም። ውድ ሌንስም የሳተ ፎከስ አያርምም። ስለዚህ ከመፍትሄው በፊት ምልክቱን መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አጉልታችሁ እዩ

የካሜራው ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም ፎቶ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው ቤት ገብታችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ነው። ያኔ ደግሞ ሰርጉ አልፏል። ስለዚህ እዚያው ቦታው ላይ እያላችሁ የአጉሊ መነጽር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑና የሰውየው ዓይን ላይ አጉሉ።

አምፖሎቹና የዓይን ብልጭታው ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ሰረዝ ከሆኑ፣ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ፣ የጨፋሪው እጅና ትከሻ ብቻ ተስቦ ከወጣ፣ የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው። ፊቱ ምንም ሳይሳብ እኩል ደብዝዞ፣ ከኋላው ያለው መጋረጃ ግን ክሩ ሳይቀር ከታየ ፎከሱ ስቷል። ጥርት ያለ ቦታ ጨርሶ ከጠፋና ሁሉም ነገር ነጣ ብሎ ከፈዘዘ ሌንሱ ላይ ወይም አየሩ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ሁሉም ነገር ተስቧል

በብዛት የማየው ይሄን ነው። ምክንያቱ ብርሃን ማነሱ ነው። ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይቆያል። በዚያ መሃል እጃችሁ ትንሽ ከተነቃነቀ ሁሉም ይሳባል።

አንድ የደሴ ቤት አስቡ። ምሽት ነው፣ ቡናው ቀርቧል፣ ኮርኒሱ ላይ አንዲት አምፖል አለች። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ «ኤፍ» የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ስሜት፣ 400 ላይ ተትቶ ካሜራው 1/8 ሰከንድ መረጠ እንበል። በዚህ የመዝጊያ ፍጥነት ጀበናውም ሲኒውም ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል። አሁን አይኤስኦውን 3200 አድርጉት። ፍጥነቱ 1/60 ይደርሳል። ዙሙን ወደ 18 መልሱና በእግራችሁ ጠጋ በሉ። ሌንሱ እስከ ኤፍ 3.5 ስለሚከፈት ፍጥነቱ ወደ 1/160 ይጠጋል። ያው ቤት፣ ያው አምፖል፣ ያው ካሜራ ነው።

ብዙ ሰው አይኤስኦ ከፍ ማድረግ ይፈራል። «ነጠብጣብ ያመጣል» ይላል። እውነት ነው፣ ያመጣል። ግን ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ምንም ዓይነት ሶፍትዌር መልሶ ሙሉ አያደርገውም። በዚህ ነገር አልደራደርም።

ስንት ፍጥነት ይበቃል ለሚለው ቀላል ልማድ አለ። የሌንሱን ሚሊሜትር በ1.5 አባዙት፤ የካኖን ትንንሽ ሴንሰር ከሆነ በ1.6። አንድ ሰከንድ ለዚያ ቁጥር ተካፍሎ የሚወጣው ፍጥነት ይበቃል። ለ50 ሚሊሜትር 1/80፣ ለ200 ሚሊሜትር 1/320 ማለት ነው። ሌንሱ ማረጋጊያ ካለው፣ ኒኮን ላይ «ቪአር»፣ ካኖን ላይ «አይኤስ» የሚባለው፣ ከዚያም ዝቅ ማለት ይቻላል። ሰው ሲሆን ግን ከ1/125 ባትወርዱ እመርጣለሁ፤ ቁጭ ያለ ሰውም ይተነፍሳል፣ ይስቃል፣ ዞር ይላል። በየጊዜው ማስላት ከሰለቻችሁ «አውቶ አይኤስኦ» ውስጥ ገብታችሁ ዝቅተኛውን ፍጥነት 1/125 አድርጉት። የቀረውን ካሜራው ይጨርሰዋል።

አያያዙም አይናቅ። የግራ እጅ መዳፍ ሌንሱን ከሥር ይደግፍ፣ ክርናችሁ ጎናችሁ ላይ ይለጠፍ። ትንፋሽ አውጥታችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፤ አትምቱት። ሦስት በተከታታይ አንሱ፤ ብዙ ጊዜ የመሃሉ ጥርት ብሎ ይገኛል።

የደሴን የማታ መብራት ከጦሳ ተራራ በኩል ማንሳት የሚፈልግ ሰው ግን በእጅ አይሞክረው። ትራይፖድ ከሌለ ሽምብራ ወይም ባቄላ በትንሽ ከረጢት ሞልታችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን አስደግፉበት። ቁልፉን በጣት መጫኑ ራሱ ካሜራውን ስለሚነቀንቅ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። አሮጌ ሌንስ ከሆነ ማረጋጊያውን አጥፉት፤ ቆሞ ባለ ካሜራ ላይ ራሱ ንዝረት ሊያመጣ ይችላል።

ሰውየው ብቻ ተስቧል

እዚህ ላይ ማረጋጊያ ምንም አያደርግም። እሱ የሚያርመው የእናንተን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አይደለም። መፍትሄው ፍጥነት ብቻ ነው። ለሚራመድ ሰው 1/250፣ ለእስክስታና ለሚሮጥ ልጅ 1/500፣ ለሚጋልብ ፈረስ 1/1000 ያዙ። ሞዱን ኒኮን ላይ «ኤስ»፣ ካኖን ላይ «ቲቪ» አድርጋችሁ ፍጥነቱን ራሳችሁ ምረጡ።

ብርሃኑ ይህን ካልፈቀደ ጊዜውን ጠብቁ። ትከሻ ወደ ላይ ሲወጣ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል። መንዙማ ላይ ድቤ የሚመታው ሰው እጁ ከላይ ሲደርስ እንዲሁ ነው። ያንን ቅጽበት መጠበቅ የለመደ ሰው በ1/125 እንኳ ጥርት ያለ ፎቶ ይዞ ይወጣል።

ፍላሽ ካለ ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙራችሁ አንሱ፤ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ እንቅስቃሴውን ያቆመዋል። ነገር ግን ከሰውየው ዙሪያ ጥላ የመሰለ ሁለተኛ ምስል ከታየ የማታ ሞድ ላይ ናችሁ፤ ፍጥነቱ ዘግይቷል። 1/125 ወይም 1/160 አድርጉት። ከ1/200 በላይ ደግሞ አትሂዱ፤ ብዙ ካሜራዎች ላይ የፎቶው አንድ ወገን ይጠቁራል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሆን ከፍላሹ በፊት ፈቃድ ይቅደም።

ጉትቻዋ ጥርት ብሏል፣ ዓይኗ ግን ብዥ

ሰርግ የሚያነሱ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ተገዝቷል፣ ኤፍ 1.8 ተከፍቷል፣ ኋላው እንደ ህልም ደብዝዟል። ሲጎላ ግን የሙሽራዋ ጉትቻ ክሩ ይቆጠራል፣ ዓይኗ የለም።

በኤፍ 1.8፣ ሙሽራዋ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ስትሆን፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚያ ይበልጣል። ፎከሱ ጆሮ ላይ ካረፈ ዓይን አለቀለት። ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላ እሷ ትንሽ ወደፊት ብትል ወይም እናንተ ብትወዛወዙም ያው ነው።

ካሜራው የፎከሱን ነጥብ ራሱ እንዲመርጥ አትፍቀዱለት። ብዙ ጊዜ የቅርቡን ነገር ይይዛል፤ አበባውን ወይም የሚዜውን ትከሻ። አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡና ወደ እናንተ የቀረበው ዓይን ላይ አሳርፉት። ዓይን የሚለይ አዲስ ካሜራ ካላችሁ ያንን አብሩት። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ዝቅ አድርጉት፤ ኋላው አሁንም ይደበዝዛል። ዘመድ በሁለት ረድፍ ሲሰለፍ ኤፍ 8 ይሻላል።

ሌላም አለ። ካሜራ ፎከስ የሚያደርገው የብርሃንና የጥቁረት ልዩነት ፈልጎ ነው። ንጹሕ ነጭ ነጠላ ላይ ነጥቡን ብታሳርፉት የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መጨረሻ ላይ የሆነ ቦታ ይቆማል። ጥለቱ ላይ አድርጉት፣ ወዲያው ይይዛል። ሰውየው ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ደግሞ ኒኮን ላይ «ኤኤፍ-ሲ»፣ ካኖን ላይ «ኤአይ ሰርቮ» የሚለውን ምረጡ፤ ቁልፉን በግማሽ እንደተጫናችሁ ይከተለዋል።

ሁሉም ፎቶ በድንገት ብዥ ማለት ከጀመረ ሌንሱ ጎን ያለውን ትንሽ ማብሪያ እዩ። ቦርሳ ውስጥ ተገፍቶ ካሜራው ራሱ ፎከስ ከሚያደርግበት «ኤኤፍ» በእጅ ወደሚደረግበት «ኤምኤፍ» ዞሮ ይሆናል። ፎቶው ጥርት ብሎ በዓይን ማያው በኩል ብቻ ብዥ የሚል ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ያለችውን የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ ለዓይናችሁ እስኪስማማ አዙሩ።

ፎቶው ነጣ ብሎ ፈዟል

የሌንሱ ፊት ላይ የጣት አሻራ ካለ አምፖሎች ዙሪያ ሰፊ ብርሃን ይረጫል። በለስላሳ የሌንስ ጨርቅ ጥረጉት። በነጠላ ጫፍ ወይም በሶፍት አትጥረጉ፤ አቧራው ይጭረዋል። ርካሽ ፊልተር ተገጥሞ ከሆነ አውልቃችሁ ሞክሩ።

ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው የተለየ ጉዳይ አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ትወርዳለች። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በክረምት ጠዋት የደሴን ብርድ የጠጣ ካሜራ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኘው ሌንሱ ላብ ይይዛል። ደሴ ላይም ከውጭ ብርድ ሰው ወደሞላው ድንኳን ሲገባ እንዲሁ ነው። ብትጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጡ፣ ዚፑን እንደዘጋችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። ሌንስ በዚያ ሰዓት አትቀይሩ፤ እርጥበቱ ውስጥ ይገባል።

ጉሙ ግን የካሜራ ጥፋት አይደለም። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ሳለ የሩቁን ጥርት አድርጎ የሚያወጣ ሌንስ የለም። ካሜራው ፎከስ ፍለጋ ከተንከራተተ የቅርብ ባህር ዛፍ ግንድ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ስጡት። ዝናብ እንዳቆመ ያለው ጊዜ ደግሞ አያምልጣችሁ፤ አየሩ ታጥቦ ተራራው ቀረብ ብሎ ይታያል።

ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው ሙቀት ያስቸግራል። እኩለ ቀን ላይ በረጅም ሌንስ ሜዳውን አሻግራችሁ ስታነሱ የሩቁ ነገር እንደ ውሃ ይርገበገባል። ከአስፋልትና ከቆርቆሮ የሚነሳው ሞቃት አየር ነው። ማረጋጊያም ፍጥነትም አይረዳም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ተመለሱ፣ ወይም ጠጋ በሉ።

ከመኪና የተነሳ ፎቶ

ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ካሜራ የማያወጣ የለም። መስኮቱን ክፈቱት፤ ቆሻሻ መስታወት ካለ ካሜራው ፎከሱን እሱ ላይ ያደርጋል። ክንዳችሁን በሩ ላይ አታስደግፉ፤ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመጣል። 1/1000 ያዙና ሩቁን አንሱ። የመንገዱ ዳር ሣር መሳቡ አይቀርም፤ ካስጠላችሁ ከፍሬሙ አውጡት።

ትንንሾቹ

ዲጂታል ዙም አትጠቀሙ፤ ፎቶውን ቆርጦ ነው የሚያጎላው። ሲኒ ወይም ቀለበት በጣም ተጠግታችሁ ስታነሱ ፎከስ እምቢ ካለ ትንሽ ራቁ፤ አብዛኛው 18-55 ሌንስ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች አይይዝም። ኤፍ 22 ላይ ሁሉም ነገር ይለሰልሳል፤ ኤፍ 8 ወይም 11 ይበቃል። ፎቶው እናንተ ጋ ጥርት ብሎ ጓደኛችሁ ጋ ብዥ ካለ ደግሞ ቴሌግራም ሲልከው አሳንሶታል። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ብዥ ካለ

ያኔ ሌንሱን መጠርጠር ይቻላል። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሁን። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ፊት ለፊት አቁሙ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ የ2 ሰከንድ ታይመር። አንዴ በዓይን ማያው፣ አንዴ በስክሪኑ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ።

በስክሪኑ የተነሳው ጽሑፍ ተነቦ በዓይን ማያው የተነሳው ከደበዘዘ የፎከሱ መለኪያ ተዛብቷል። አንዳንድ ካሜራ ሜኑው ውስጥ ማስተካከያ አለው፤ ከሌለው ባለሙያ ያስተካክለዋል። ሁለቱም ከደበዘዙ ችግሩ ሌንሱ ነው። የጋዜጣው አንድ ጎን ተነቦ ሌላው ጎን ብቻ ከደበዘዘ በውስጡ ያለ መስታወት ከቦታው ተንሸራቷል፤ ብዙውን ጊዜ ከመውደቅ የሚመጣ ነው። ወደ ጥገና ስትሄዱ እነዚያን የጋዜጣ ፎቶዎች በሜሞሪው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥገናው ካለቀ በኋላም ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያንኑ ጋዜጣ እዚያው አንሱና አስተያዩ።