ወጣት ፈረስን ከኮርቻ በፊት መሰናክል ማለፍ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ባለው አገር፣ የፈረስ መልካምነት የሚታወቀው በሜዳ ላይ በሚያሳየው ግልቢያ ብቻ አይደለም፤ ጅረት፣ ቦይ፣ የባሕር ዛፍ ድልድይ ወይም በድንጋይ ካብ መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ሲያጋጥመው በሚያሳየው ጠባይም ጭምር ነው። ይህ ጠባይ ደግሞ በአብዛኛው የሚቀረጸው ሰው ጀርባው ላይ ሳይወጣ፣ ፈረሱ ገና በሉኮ ሲመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው የአሜሪካ ድንክ ፈረሶች ማኅበር የሚመዘግባቸው ፈረሶች ቁመታቸው የጋማቸው የመጨረሻ ፀጉር ካለበት ቦታ ሲለካ ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ አይበልጥም። እነዚህ ፈረሶች አዋቂ ሰው ሊቀመጥባቸው ስለማይችል፣ በመሰናክል ውድድር ድልድይ የሚሻገሩትና በተጋደሙ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉት ሰው በእግሩ እየመራቸው ነው። በዚያ ውድድር አሠልጣኙ ያለው ገመዱ፣ የቆመበት ቦታና ድምፁ ብቻ ነው። ለኮርቻ ያልደረሰ ውርንጭላ ያለው የአገራችን ገበሬም በእጁ የሚገኘው ይኸው ስለሆነ፣ እዚያ የሚሠሩት ስህተቶች እዚህም ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ምልክቶቹን ሳያስተምሩ ፈረሱን ወደ መሰናክሉ መውሰድ ነው። ወደ ፊት መራመድ፣ መቆም፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ማዛወርና ራሱን ዝቅ ማድረግ አስቀድመው በለመደው ግቢ ወይም በጸጥተኛ መስክ ላይ መጠናት አለባቸው። ማፈግፈግ ያልተማረ ፈረስ ድልድይ መካከል ቢደነግጥ የሚያውቀው መውጫ ወደ ፊት መዝለል ወይም ወደ ጎን መውደቅ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋውና በየመንደሩ የሚታየው ስህተት ግን ገመዱን ሳያላሉ መጎተት ነው። ፈረስ ራሱ ላይ የማያቋርጥ ጉተታ ሲሰማው በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ሰውየው ኃይሉን በጨመረ ቁጥር እሱም ይጨምራል፣ በጉልበት ደግሞ ውርንጭላ እንኳ ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰውን ያሸንፋል። ፈረስ ትምህርት የሚያገኘው ገመዱ ሲወጠር ሳይሆን ሲላላ ነው፤ መወጠሩ ጥያቄ ሲሆን፣ መላላቱ «አዎን፣ የፈለግሁት ይህን ነው» የሚል መልስ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ በጥቂቱ ወጥሮ መጠበቅ፣ ፈረሱ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ ክብደቱን ወደ ፊት ባሳረፈ ቅጽበት ማላላት ይገባዋል። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ማላላት ፈረሱ በዚያ መካከል ላደረገው ሌላ ነገር፣ ራስ መወርወርም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ማመስገን ይቆጠራል። በተቃራኒው ፈረሱ ሲለጠጥና ራሱን ሲወረውር ሰውየው ደንግጦ ገመዱን ቢለቅ፣ ማመፅ ነፃ እንደሚያወጣ አስተማረው ማለት ነው፤ ይህንን ትምህርት ደግሞ ፈረስ በአንድ ቀን ይይዘዋል፣ ለማስረሳት ግን ወራት ይፈጃል። ሲለጠጥ ጉተታውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ አብሮ እየሄዱ መቆየት፣ መለጠጡን ተወት ባደረገ ጊዜ ማላላት ነው መፍትሔው። ለዚህ ረዘም ያለ ገመድ ያስፈልጋል፤ ገመዱን ግን በፍጹም በእጅ ላይ መጠምጠም አይገባም፤ በሸሸ ፈረስ ጣቱን ያጣ ወይም የተጎተተ ሰው ብዙ ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን እያዩ መሳብም ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ስህተት ነው። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ነገር ግን ከግንባሩ ፊት በጣም ቅርብ ያለውንና ከጭራው በስተኋላ ያለውን አያይም። ሰው ፊቱ ከቆመ መሰናክሉን ይጋርድበታል፤ ፈረሱ ድንገት ቢዘልም የሚያርፈው በዚያው ሰው ላይ ነው። ትክክለኛው ቦታ በአንገቱና በትከሻው አጠገብ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን እንዲያሸት ገመዱን ማስረዘም ይገባል፤ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ ቶሎ ስለማይለምድም የድልድይ ሥር ወይም የጋጣ በር ላይ ቆም ቢል ማስቸኮል አይገባም።

ውኃ ላይ የሚሠራው ስህተት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በረሳንና መሰል ወንዞችን ክረምት ሲሞሉ ወስዶ ወጣት ፈረስን ለማለማመድ መሞከር አደጋም ነው፣ ትምህርትም አይሆንም። በበጋ፣ ወራጁ ቀጭን በሆነበት፣ ጠጠሩ በሚታይበትና ዳርቻው ገደል ባልሆነበት ቦታ መጀመር ያስፈልጋል። የለመደ ፈረስ ቀድሞ ቢሻገር ውርንጭላው ይበረታል። ዘሎ ማለፉን እንደ ድል መቁጠር ግን አይገባም፤ ዘሎ ያለፈ ፈረስ ውኃውን አልፈራሁም ማለቱ ሳይሆን ከውኃው ማምለጡ ነው። አንድ እግር አግብቶ መቆም፣ ማፈግፈግ፣ ደግሞ መግባት፣ በመጨረሻም መካከል ላይ በጸጥታ መቆም ሲችል ነው ተማረ የሚባለው። የእንጨት ድልድይም በዚሁ መንገድ ይለመዳል፤ አስቀድሞ መሬት ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሳንቃ ወይም ባና ላይ ማስረገጥ ድምፁንና ስሜቱን ያስተዋውቀዋል።

ሁሉን ከግራ በኩል ብቻ ማስተማር የተለመደ ነው፤ ሰው በግራ ስለሚወጣ ሥልጠናውም በዚያው ይቀራል። በቀኝ በኩል ሲያልፍ ያው ካብ፣ ያው የማዳበሪያ ጆንያ አዲስ ነገር ሊመስለው ስለሚችል እያንዳንዱ ምልክት በሁለቱም ወገን መደገም አለበት።

ፍርሃትን በአለንጋ ማረምና ድምፅን ማባከንም አሉ። የተገረፈ ፈረስ ከድልድዩ ፍርሃት ጋር የሰውን ፍርሃት ይጨምራል። ለመሄድ «ቼ»፣ ለማቆም «ቁም» ከተባለ ቃሉ አንድ ጊዜ ተነግሮ መልሱ ይጠበቅ። ስሙንም የቁጣ መጥሪያ ማድረግ አይገባም፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፈረሳቸው ስም «አባ ድና» እየተባሉ በተጠሩበት አገር የፈረስ ስም ለመልካም ነገር ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ትንሽ ስለሆነ ብቻ ውርንጭላ ሰው እንዲገፋና በፊት እግሩ እንዲሰቀልበት መፍቀድ፣ ልጆችም ገብስ በእጃቸው እያጎረሱ እንዲያጫውቱት መተው፣ በኋላ ነካሽና ገፊ ፈረስ ያወጣል። ሽልማቱን ጋማው ሥር በማከክ መስጠት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ዕድሜውን መርሳት። የፈረስ አከርካሪ አጥንቶች እስከ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ዕድገታቸውን አይጨርሱም፤ ስለዚህ ወጣቱን ደጋግሞ ማዘለል ወይም በጠባብ ክብ ማሮጥ መገጣጠሚያዎቹን ይጎዳል። እንጨቱ መሬት ላይ ይጋደም፣ በእርምጃ ይለፈው። ሥልጠናው ከሩብ ሰዓት ባይበልጥ፣ ፈረሱ አንድ ነገር በትክክል እንደ ሠራ ወዲያው ሉኮው ወልቆለት ወደ ግጦሹ ቢሰናበት፣ በማግሥቱ ያንኑ ነገር ለመሥራት የሚያስፈልገው ጉተታ ያነሰ ይሆናል።