ዲኤክሷን ሞተር ልትቀይሩላት ነው? ሐረጎ ላይ የሚያስቆሙ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የድሮ ኮሮላ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ከኋላው አይሱዙው ጡሩንባ ሲነፋበት፣ "ይቺን ሞተር ቀይሬ ባርፍስ?" ይላል። እኔም ብያለሁ። ቀይሬም አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት።

የማወራው ስለ ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70 ነው፣ እኛ ዲኤክስ ስለምንላት። በፈረንጆቹ 1979 መሠራት የጀመረች፣ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ መኪና። ብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር 4ኬ ነው፣ 1,290 ሲሲ።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይመረምሩ ሞተሩ ላይ መፍረድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን ቆላ እንዳለ ነው የሚያፈሰው። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ትታፈናለች፣ ሰውየውም "ሞተሩ አለቀ" ብሎ ብድር ፍለጋ ይወጣል። ኧረ ተዉ! መጀመሪያ ካንዴላ ፈታችሁ እዩ። የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለኩ። አራቱም ጥሩና የተቀራረበ ግፊት ከሰጡ ሞተሩ ገና ነው። ካርቡራቶሩን አሳጥቡ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት በትንሹ አነስ ባለ ቀይሩት፣ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ጥቂት ዲግሪ አስቀድሙ። ደሴ ላይ ይህ ብቻ መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል። ታዲያ በዚያው አስተካክላችሁ ወደ ሚሌ እንዳትወርዱ። ቆላው ላይ አየሩ ሲወፍርና ሲሞቅ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

"ግዴለም፣ እቀይራለሁ" ካላችሁ ደግሞ ያገኛችሁትን ሞተር ሁሉ አትግዙ። ለዲኤክስ ዘመዷ 5ኬ ነው። የፒስተኑ ጉዞ ከ4ኬ ጋር አንድ ነው፣ 73 ሚሊ ሜትር፤ ፒስተኑ ብቻ ከ75 ወደ 80.5 ሰፍቶ 1,486 ሲሲ ሆኗል። ካምቢዮውም ብዙ አያስቸግርም። 5ኬው ከላይትኤስ ወርዶ ከሆነ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) እና ሱፖርቱ (ሞተሩ የሚቀመጥበት) የዲኤክስ ስላልሆነ የራሳችሁን ፈታችሁ አስገጥሙ። ከ1983 በኋላ የመጡት ኮሮላዎች ግን አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው፣ ሞተራቸውም በአግድም የተቀመጠ። ያንን አዙሮ ዲኤክስ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ግን የውሃ ቱቦው፣ ኮፓው፣ ሱፖርቱ፣ ካምቢዮው ሁሉ እንደገና ሥራ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ ርካሽ ተብሎ የተገዛ እንዲህ ያለ ሞተር ደሴ ሲደርስ ርካሽ አይሆንም።

እኔን የጎዳኝ ግን ራዲያተሩ ነው። ሞተሩን ቀየርኩና ራዲያተሩን ተውኩት። ስንት ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር! ውስጡ በዝገትና በዝቃጭ ግማሹ ተደፍኗል። ለትንሿ ሞተር እንደምንም ይበቃት ነበር። ፒያሳ ለፒያሳ ስነዳም ምንም አላለም። አንድ ቅዳሜ አራት ሰው ጭኜ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ጀመርኩት፣ ግማሹ ላይ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀይ መሄድ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ "ትንሽ ናት የቀረችን፣ ደርሰናል" እያልኩ እረግጣለሁ። አልደረስንም። ኮፋኖውን ስከፍት እንፋሎት ብቻ። ሲበርድ ጠብቄ የዘይቱን ክዳን ስፈታው ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ይዟል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። የነዚህ ሞተሮች ብሎክ ብረት ነው፣ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ግን አሉሚኒየም። ሲግል እኩል አይለጠጡም፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ በመሀላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይሄዳል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገባ፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ሂሳብ ከፈልኩ።

ለካስ ሞተሩን የቀየረልኝ ጋራዥ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም አውጥቶ ጥሎታል። "ለእኛ አገር አያስፈልግም" የሚል ሜካኒክ ብዙ ነው። አትስሙት። ያለ ቴርሞስታት የደሴ ጠዋት ላይ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። የተደፈነን ራዲያተር ደግሞ አያድነውም። ራዲያተሩን አስከፍታችሁ አስጠርጉት፣ የቬንትሌተሩን መከለያም እንዳትረሱ።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ካልቀየራችሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ካምቢዮ ማውረድ ነው። ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ቮላኖ መሀል ያለችውን ትንሿን ኩሺኔታ ጭምር ቀይሩ። የሱፖርቱ ጎማ ከተሰነጠቀም እንደዚያው።

ፍሬኑስ? ሁሉም ስለ አቀበቱ ያስባል። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል አለ። ጉልበት የጨመራችሁላት መኪና የድሮ ፍሬኗን ይዛ ነው የምትወርደው። ሸራውን አሳዩ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ፣ ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱ።

ወረቀቱ አጭር ነው፤ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ አለ። ሻጩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሌለው ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አትግዙት። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ቁጥሩ አልገጥም ካለ መመላለሱ የእናንተ ነው።

እና የድሮዋን ሞተር ቶሎ አትሽጧት። የ4ኬና የ5ኬ ብዙ ዕቃ ይለዋወጣል፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ሲቃጠልባችሁ ታስታውሱኛላችሁ። እኔ በዚያው ሳምንት በርካሽ ሸጥኳት። ከእኔ የገዛት ልጅ ካርቡራቶሯን አሳጥቦ የራሱ ዲኤክስ ላይ ገጠማት። ባለፈው ሐረጎ ላይ ራዲያተር ላበርድ ቆሜ፣ ጡሩንባ ነፍቶ "አብሽር!" ብሎኝ አለፈ።